ኢጦ ጥርሷን ያጣችበት ሐዘን

ሐሙስ ሐሙስ ኢጦ ገበያ ወርዳ ከጨው ነጋዴው ከኢሹ ጎን ኬሻዋን ታነጥፍና ቅርፊቱ ጠንካራ ፍሬ የሚያፈራውን የገውዝ ዛፍ ልጣጭ ትዘረጋለች። ከዛፉ ሥር ተልጦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ በጣት ልክ ተቆርጦ፣ አምስት አምስቱ በሱፍ ክር የታሰረ ልጣጭ ነው። የሸለቆው ሴቶች ዓርብን የሚቀበሉት በእሱ ነው። ውሃ አስነክተው ጥርሳቸውን ይፍቁበታል። ጥርሱ ይነጣል፤ ድዱና ከንፈሩ ደግሞ እንደ በሰለ ሮማን ይቀላል። ልጣጭ ሳይነካት የተዳረች ሙሽራ በታግሩት መንደር አልታየችም። የሙሽሮቹን ሁሉ ድድ በሠርጋቸው ዋዜማ የምታቀላውም ራሷ ኢጦ ናት።

የራሷ አፍ ግን ባዶ ነው። ከላይ የፊት ጥርስ አንድም የላትም፤ ከታች ሁለት፣ ከመንጋጋም በግራ በኩል ጥቂት ቀርቷታል። ስትናገር የሻርፗን ጥግ ሳብ አድርጋ አፏ ላይ ትይዛለች። ሁሉም ያውቃል፤ ያየ ግን የለም።

«ላላ ኢጦ፣ መላጣ ማበጠሪያ ሲሸጥ ያየሁት በአንቺ ነው!» ይላል ኢሹ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፤ ‹ላላ› በሸለቆው ‹እመቤት› እንደ ማለት ነው።

«አንተስ ዕድሜህን ሙሉ ጨው ላይ ተቀምጠህ ወሬህ አልጫ የሆነው ለምንድን ነው?»

ገዢዎቹ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጨርቁ አያልፍም።

ጥርሷን ያጣችው በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማጣት የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው ማለት ይሻላል፤ ሰው ያጣውን ነገር ያጣበትን ቀን ለይቶ የሚያውቀው ከስንት አንዴ ነው። ባሏ ሙሐ ከማዕድን ጉድጓድ የተመለሰው የድንጋይ ብናኝ የጠጣ ሳንባ ይዞ ነበር። ሁለት ክረምት ሲያስል ከርሞ በሦስተኛው ሞተ። ኢጦ የሐዘን ነጭ ለበሰች። የባል ሐዘን አራት ወር ከአስር ቀን ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ሴቲቱ አትኳልም፣ ሂና አትነካም፣ ሽቶ አይጠጋትም። የገውዙንም ልጣጭ አትይዝም፤ ልጣጩ ጌጥ ነውና።

ልጣጩ ግን ሁለት ሥራ ነበረው። ያስውባል፣ ያጸዳልም። ሲከለከል ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ፤ ማጽዳቱን ብቻ ለይቶ ያስቀረ አልነበረም። ሰው አንድን ነገር በአንድ ስም ከጠራው፣ በውስጡ ያለውን ሌላውን ነገር ለማየት ዕድሜ አይበቃውም። ኢጦም ለሶላት ስትታጠብ ውሃ ተጉመጥምጣ ከመትፋት በቀር አራት ወር ከአስር ቀን ሙሉ ጥርሷን አልፋቀችም። የገብስ ዳቦ ስትገምጥ ደም ሲታያት አልደነገጠችም። እንዲያውም ደስ እንደ መሰኘት አላት፤ አንጀቷ እንደደማ አፏም አብሮ የደማላት መሰላት። ጎረቤቶቿም፣ «የእውነት ሐዘን ከአጥንት ይገባል» አሉ። የሚያደንቋት ነበር የመሰላት፤ ያደንቋትም ነበር።

ሐዘኑ ሲወጣ ልጣጩን መለሱላት። ቀዩ ቀለም በቀዩ ቁስል ላይ ተቀባ። ከውጭ ሲያዩት አማረ። በሁለተኛው ዓመት የፊት ጥርሷ መነቃነቅ ጀመረ፤ በሦስተኛው፣ ለስላሳ ዳቦ ስትበላ፣ አንዱ እጇ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ደረቀ ቅጠል ተራ በተራ ረገፉ። ከሐዘኑ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። ዕጣ ፈንታ ነው ተባለ፤ ዕጣ ፈንታ ያልተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ የሚከተትበት ሰፊ ከረጢት ነው።

አንድ ልጅ ነበረቻት፣ ቱዳ። የእናቷን የጥንት ጥርስ ይዛ ነው ያደገችው፤ ስትስቅ ቤቱ ብርሃን ይሞላል ይሉ ነበር። ከወንዙ ማዶ ላለው ለባሱ ተዳረች። ባሱ የመንደሩ ምርጥ ገውዝ አርጋፊ ነበር፤ ሌላው የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ በረጅም ዘንግ ፍሬውን ያወርደዋል። ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ የጠዋቱ ጤዛ ከቅርንጫፉ ሳይደርቅ ወጣና እግሩ ከዳው። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ጣት ሁሉ ከገውዙ ቅርፊት የተነሳ ጥቁር ነበር። በቀብሩም፣ በሐዘኑ ቤትም፣ እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ያ ጥቁረት አልለቀቀም፤ ለመልቀቅ ሳምንታት ይፈጃል።

ቱዳ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ነጭ ለበሰች። የምትኖረው ከአማቷ ከሃዳ ጋር ነው። ሃዳ ከባሱ በቀር ወንድ ልጅ አልነበራትም፤ ከሞተ ጀምሮ ከቤቱ ምሰሶ ስር ተቀምጣ ወጪና ገቢውን ትመለከታለች። ለቅሶ የመጣ ሁሉ እንደ ወጉ የስኳር ሾጣጣ ይዞ ስለ መጣ ግድግዳው ሥር ሠላሳ የሚሆን ሾጣጣ በሰማያዊ ወረቀቱ እንደ ተጠቀለለ ተደርድሯል። ቱዳ ሌላ ነገር አልዋጥ ብሏት ከዚያ እየተሰበረ የተጨመረበት ሻይና ደረቅ ዳቦ ነበር ምግቧ።

ኢጦ ዓርብ ዓርብ እየሄደች አጠገቧ ትቀመጣለች። በሰባተኛው ዓርብ ቱዳ ዳቦ ገምጣ ቁራሹን ሰሃኑ ላይ መለሰችው። በነጩ ላይ የጥርሷ ቅርጽ ቀይ ሆኖ ታትሟል። ኢጦ ዳቦውን አየች፤ ልጇንም አየች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላስታወሰችው የዚያ ዳቦ ጣዕም ምላሷ ላይ መጣ።

«ቱዳ፣ ልጄ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺልኝ።»

«ምነው እማ? እንደ በቅሎ ዕድሜዬን ልታውቂ ነው?»

«ክፈቺ አልኩሽ።»

ከፈተች። ልጣጩ ከተተወ ሰባት ሳምንት ሆኖታል፤ ቀለሙ ለቅቆ እውነተኛው ድድ ወጥቷል። አብጧል፣ ያብለጨልጫል፣ ከጥርሱ ጥግ ሸሽቷል። ከታች ሁለቱ የፊት ጥርሶች ሥር እንደ ደረቀ ጭቃ የተጋገረ ቢጫ ነገር አለ። ትንፋሿም የኢጦ የዚያን ጊዜ ትንፋሽ ነው። ኢጦ በጣቷ አንዱን ጥርስ ነካ አደረገችው፤ ተነቃነቀ።

ሃዳ ከምሰሶው ስር ሆና፣ «ምን እየፈለግሽ ነው ላላ ኢጦ?» አለች። «ልጅሽ ሐዘን ላይ ናት። ጥርሷን ለማን ልታሳይ ነው?»

ኢጦ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ማክሰኞ በማለዳ ተነሥታ ወደ ጤና ኬላው ወረደች።

ነርሱ ላርቢ የሜዳ አገር ልጅ ነው፤ ተራራው ላይ ከተመደበ ሦስት ዓመቱ ነው። ስለ አንዲት ሴት ልትጠይቅ እንደ መጣች ነገረችው፣ የሻርፗን ጥግ እንደያዘች። እሱም ጥጉን አየ።

«ላላ፣ አይደብቁኝ። የእርስዎ ከሆነ ግን ዘግይተዋል።»

«የእኔ አይደለም ልጄ። የእኔ ጉዳይ ካለቀ ቆየ። የልጄ ነው። ሐዘን ጥርሷን እየበላው ነው።»

«ሐዘን ጥርስ አይበላም ላላ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚበላው?»

ላርቢ ከምድጃው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ክዳኑን ከፈተና ውስጡን አሳያት። ሆዱ ነጭ ድንጋይ አጋግሯል። «ይኼን ያውቁታል። በየቀኑ ቢጠረግ ኖሮ በጨርቅ ይለቅ ነበር፤ ዛሬ በመዶሻም አይለቅም። ጥርስም እንዲሁ ነው። ካደርን በኋላ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ላይ ስስ፣ ነጭ፣ የሚያዳልጥ ነገር ይይዛል። በየቀኑ ካልተጠረገ ይደነድናል። ድዱ ያንን ይሸሻል፤ ያብጣል፣ ይደማል። ቆይቶ ከሥር ያለው አጥንት ይቀልጣል። አጥንቱ ከሄደ ጥርሱን የሚይዘው የለም፤ የሄደውም አጥንት አይመለስም። ጣፋጭ ሻይ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።»

«ሲደማ እኮ እንዳይነካ እንላለን።»

«እሱ ነው ስህተቱ። ደሙ ‹አልጠረጋችሁኝም› እያለ ነው፤ እናንተ ‹አትንኩኝ› ያለ ይመስላችኋል።»

ኢጦ ስትመጣ በመንገዱ ሁሉ የፈራችውን ጠየቀች። «የገውዙ ልጣጭስ? መጥፎ ነው?»

«ያጸዳል። ግን ሴቶቹ የሚታየውን የፊቱን ብቻ ነው የሚፍቁት፣ ያውም በሳምንት አንዴ፣ ቆዳ እስኪላጥ። ደግሞ ቀለሙ ይዋሻል። የታመመ ድድ ቀይ ነው፤ የተቀባም ድድ ቀይ ነው። እኔ እንኳ ለይቼ አላውቅም።»

ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ዋዜማ ዋዜማ። ኢጦ ያቀላቻቸውን ሙሽሮች ፊት በዓይነ ሕሊናዋ አንድ በአንድ ለማምጣት ሞከረች። ፊታቸው መጣላት፤ ከቀለሙ ሥር የነበረው ግን አልመጣም። አይታው አታውቅምና። በክፋት ያልተሠራ ጥፋት የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚቀጣው ሰው ስለማይገኝበት ሠሪው ብቻውን ይሸከመዋል።

ላርቢ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ሰጣት። እንዴት እንደሚያዝ ያሳያት በጥፍሩ ላይ ነው፤ ብሩሹን ጥፍርና ሥጋ በሚገናኙበት ላይ ዘንበል አድርጎ፣ አቧራ ከሕፃን ዓይን እንደሚያነሣ ሰው ቀስ አድርጎ አወዛወዘው። ጠዋትና ማታ፣ ከውጭም ከውስጥም፣ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ። በጥርሶቹ መካከል ደግሞ ቀጭን ክር። «ሸማኔዎች አይደላችሁ? ክር አላጣችሁም» አለ። የተጋገረውን ግን እሱ ራሱ ለክትባት ወደ መንደሩ በሚወጣበት በመጪው ማክሰኞ በመሣሪያ ይፍቅላታል።

ወደ ላይ ስትመለስ መስጊዱ ደጃፍ ላይ የመንደሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስተምረውን ሽማግሌ ሲዲ ብራሂምን አገኘችው።

«ሲዲ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ፊቷን ትታጠባለች?»

«በቀን አምስት ጊዜ! ይኼ ጥያቄ ነው?»

«አፏንስ?»

«መጉመጥመጥ አለባታ።»

«ጥርሷንስ ብታጸዳ?»

ሽማግሌው ዱላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «የተከለከለው ጌጥ ነው። ቆሻሻ ታዟል የሚል ግን የትም አላነበብኩም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለ። የተናገረው ግን እንደ ተከሳሽ ነበር።

ዓርብን አልጠበቀችም። ወንዙን በዚያው ተሻገረች። ብሩሹን ቱዳ ጭን ላይ አስቀመጠችና ነርሱ ያላትንም ሲዲ ብራሂም ያላትንም ነገረቻት።

ሃዳ ከምሰሶው ስር ተነሣች። «የልጄ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ! ጎረቤት ምን ይላል? ‹ሌላ ባል ፍለጋ አፏን ማሰማመር ጀመረች› አይሉም?»

ኢጦ የፈራችው ይህንን ነበር። ያልጠበቀችው ግን ከቱዳ መጣ። ቱዳ ብሩሹን በሁለት ጣቷ አንሥታ ምንጣፉ ላይ አኖረችው።

«ይርገፉ እማ።»

«ምን አልሽ?»

«ይርገፉ ነው የምልሽ። ለማን ልስቅባቸው? እሱ አፈር ውስጥ እየበሰበሰ እኔ ጥርሴን ሳጥብ ልዋል? የሄደው ከእኔም አንድ ነገር ይዞ ይሂድ።»

ኢጦ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ባትናገረውም ኖራበታለች። እጇ ወደ ሻርፗ ጥግ ሄደ፤ እንደ ልማዱ ሊሸፍን መሰላት። ጥጉን ያዘችና ወደ ታች ሳበችው። ከዚያ አፏን እስከ መጨረሻው ከፈተች።

ቱዳ የእናቷን አፍ አይታ አታውቅም ነበር። ባዶው የላይ ድድ ለስላሳ፣ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ገና ጥርስ እንዳላወጣ ሕፃን ነው ሊባል ይችል ነበር፣ አገጩ ባያረጅ። ሃዳም አየች።

«ለአባትሽ የሰጠሁት ይኼንን ነው» አለች ኢጦ። ያለ ጨርቅ ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል። «እኔም እንዳንቺ ነው ያልኩት። ይዞት ይሂድ አልኩ። ሐዘኔን አራት ወር ከአስር ቀን ጨረስኩ፤ አፌ ግን እስከ ዛሬ ነጭ እንደለበሰ ነው። አባትሽ አንድ ቀን በሕልሜ መጥቶ ‹ኢጦ፣ ስለ ጥርስሽ አላህ ይስጥሽ› አላለኝም። ሙታን ጥርስ አይቀበሉም ልጄ። የት እንደ ሄደ አላውቅም። ለማንም አልደረሰም።»

ቱዳ ዓይኗን ከእናቷ አፍ አላነሣችም።

«የሠርግሽ ቀን ሴቶቹ ተሰልፈው ሲዘፍኑ የት ነበርኩ?»

«ጓዳ። ራሴን አሞኛል ብለሽ።»

«ራሴን አላመመኝም።»

ከድንጋዩ ግድግዳ ውጭ የወንዙ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ኢጦ በወጣትነቷ የሴቶቹን ሰልፍ በዘፈን የምትመራ እሷ እንደነበረች ሃዳ ታስታውሳለች፤ በዕድሜ እኩዮች ናቸው። ለምን እንደተወች ግን ጠይቃት አታውቅም። አሁን ተመልሳ ምሰሶዋ ስር ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ቱዳ ብሩሹን ከምንጣፉ አነሣችው። «ጓዳ ገብቼ አላደርገውም» አለች።

«ማን ጓዳ ግቢ አለሽ?»

«ተደብቄ ካደረግኩት ጌጥ ይሆናል። ግቢው ላይ፣ በቀን፣ ላላ ሃዳ እያየችኝ ነው የማደርገው። እሷ እያየችኝ ካፈርኩ፣ እተወዋለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ቱዳ ነጭ ልብሷን ሰብስባ ግቢው መሐል ተንበረከከች። አንድ ጣሳ ለብ ያለ ውሃ፣ ከኢሹ የተገዛ ጨው ቆንጠር አድርጋበት፣ አጠገቧ አለ። ብሩሹ ድዷን ሲነካ ዓይኗን ጨፈነች። የተፋችው ውሃ የግቢው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ቀይ ሆኖ ፈሰሰ። ሃዳ ከደጃፉ ሆና አየች። ማታም አየች። በሦስተኛው ቀን ደሙ ያው ነበር፤ ቱዳ ብሩሹን ወርውራ፣ «እየባሰ ነው!» ብላ አለቀሰች። ኢጦ አንሥታ አጥባ መለሰችላት። «ነርሱ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ብሏል። ቀስ በዪ። በቅሎ አይደለም የምታጥቢው።»

ማክሰኞ ላርቢ ክትባቱን ሲጨርስ መጣ። የተጋገረውን በመሣሪያው ሲያነሣው እንደ ሸክላ ፍርፋሪ እየተሰበረ ጨርቁ ላይ ወደቀ። ሃዳ ቀረብ ብላ ፍርፋሪውን አየችና፣ «ይኼ ሁሉ ከአፏ ነው የወጣው?» አለች፤ ከሰባት ሳምንት በላይ ስለ ልጇ ያልሆነ የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ነበር። ከታች ከታመሙት ሁለት የፊት ጥርሶች አንዱን ላርቢ ማዳን አልቻለም፤ የያዘው አጥንት ከሐዘኑ በፊትም፣ ከቀለሙ ሥር፣ ሲቀልጥ ኖሮ ነበር። ሁለተኛው ይቆያል አለ፣ ከተጠበቀ። ሌሎቹ ሁሉ ደህና ናቸው።

ኢጦ በዚያው ሰሞን የመጣችላትን ሙሽራ ልጣጩን ለአንድ ወር ከለከለቻት። «መጀመሪያ አላህ የሰጠሽን ቀለም አሳዪኝ፤ ከዚያ አቀላልሻለሁ» አለቻት። የልጅቱ እናት አኮረፈች። ኢጦ ብዙ አላባበለቻትም፤ የሚወራባትን ታውቃለች።

ሐዘኑ ሊያልቅ ሠላሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ተራራው አናት ላይ በረዶ በጣለበት ጠዋት፣ ቱዳ ግቢው ላይ ተንበርክካ ጥርሷን አጠበች፣ ክሩንም በመካከላቸው አሳለፈች። ውሃውን ድንጋዩ ላይ ተፋችው። ሃዳ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ውሃ ብቻ ነው» አለች።

ቱዳም አየች። ከዚያ ጣሳውን አስቀምጣ፣ በዚያው እንደ ተንበረከከች፣ ፊቷን በሃዳ ጉልበት ላይ ጣለችና ስለ ባሱ አለቀሰች። ሁለቱ ሴቶች አብረው አለቀሱ፣ ፀሐይ ግቢው ላይ እስኪወጣ። ኢጦ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።